ጥቂት ጠጠር ሲቀር
(የቼዝ ፍጻሜ ጨዋታ ትምህርት)



በጣቢያችን ውስጥ ቼዝ የሚጫወተው ወገን ቁጥር እየበዛ መሄዱን ማታ ማታ ከሻይ ቤቱ ጎን የሚቆመውን ተመልካች አይቶ መገመት ይቻላል። አጀማመሩን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በአራት እርምጃ ማት የምታደርገውን ማታለያ ልጆች እንኳ ነቅተውባታል። ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስም ጥሩ ጥሩ ነገር እናያለን። ችግሩ የሚመጣው ጠጠሩ አልቆ ሁለት ንጉሥና አንድ ወይም ሁለት ወታደር ብቻ ሲቀሩ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት የተገኘ ብልጫ በሦስት ደቂቃ ይበተናል፤ ያሸነፈው ሰው አቻ ይወጣል፤ አቻ መውጣት የሚገባው ደግሞ እጁን ሰጥቶ ይነሣል። እኛም ካርቱም ሳለን እንደዚሁ ነበርን። ደይም ሰፈር መንገድ ዳር፣ ከሻይ ሻጮቹ አጠገብ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ፍጻሜውን በዕድል እንደሚገኝ ነገር ነበር የምንቆጥረው።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ፍጻሜ ጨዋታ ያወቅነውን ለማካፈል ወስነናል። ሌላም ምክንያት አለን። በጣቢያው ውስጥ ያሉት ሙሉ የቼዝ ዕቃዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነሱም የአንዱ ጥቁር ፈረስ ጠፍቶ ብሎን ተተክቶለታል። ፍጻሜን ለመማር ግን ሠላሳ ሁለት ጠጠር አያስፈልግም፤ ሦስት ይበቃል። ካርቶን ላይ ስምንት በስምንት መስመር አስምሩ፤ ሁለት ዓይነት ቆርኪ ለሁለቱ ንጉሦች፣ አንዲት ጠጠር ለወታደሩ ይሁኑ። ወረፋ መጠበቅም አያስፈልጋችሁም።

በመጀመሪያ በቤቶቹ ስም እንስማማ። ነጭን ከታች አድርጉና ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ በሏቸው። ረድፎቹን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጠሩ። የታችኛው የግራ ጥግ ሀ1 ነው፤ የላይኛው የቀኝ ጥግ ሸ8 ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ቆርኪውን እያንቀሳቀሳችሁ ካላነበባችሁት ምንም አይጠቅማችሁም። ይህን የምንለው ከራሳችን ስንፍና ተምረን ነው።

ቀላል ከሚመስለው እንጀምር። ንግሥትና ንጉሥ ይዛችሁ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማድረግ ማንም የሚያውቀው ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ በዚህ አቻ ሲወጣ አይተናል። ጥቁሩ ንጉሥ ሀ8 ላይ ነው እንበል። ነጭ ንግሥቱን ደስ ብሎት ለ6 ላይ ያስቀምጣታል። ጥቁር ቼክ አልተባለም፤ የሚሄድበት ቤት ግን የለውም፤ ሌላም የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር የለውም። በሕጉ መሠረት ይህ አቻ ነው። ንግሥቲቱ ሐ7 ላይ ብትሆንም ውጤቱ ያው ነው። ሁለቱም ቤቶች ከጥጉ በፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ እንደሚገኙ ልብ በሉ። ንጉሡን ወደ ዳር ስትነዱት ንግሥቲቱን በፈረስ ዝላይ ርቀት እያስከተሉ መሄድ ጥሩ ዘዴ ነው። ጥግ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ንግሥቲቱ ትቁም፤ የእናንተ ንጉሥ ይጠጋ። የቀረው ሥራ የእርሱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አገራችን ሰንጠረዥ አንድ ነገር እናንሣ። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል እዚህ ሱዳን ውስጥ ሸጠረንጅ ሲሉ ከምንሰማው ጋር አንድ ሥር አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ ጽፏል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል ነበረው፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። በፍጻሜው ላይ ደግሞ ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም ነበር። በግንብ ወይም በፈረስ ማት ማድረግም እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም፤ በደካማ ጠጠር የተደረገ ማት ነበር የሚመሰገነው። ታዲያ አባቶቻችን ፍጻሜውን የሚያዩት እኛ እንደምናየው እንደ ትርፍራፊ አልነበረም፤ ክብር ያለው ነገር ነበር። በዛሬው ቼዝ ግን ብቸኛውን ንጉሥ ማት ማድረግ ግዴታችን ነውና ወደ ትምህርታችን እንመለስ።

በግንብና በንጉሥ ማት ለማድረግ ግንቡ እንደ አጥር ያገለግላል። አንድ ረድፍ ይዘጋል፤ ጥቁሩ ንጉሥ ያንን ረድፍ መሻገር አይችልም። ከዚያ የእናንተ ንጉሥ እየቀረበ ይመጣል። ሁለቱ ንጉሦች በአንድ ዓምድ ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ ቤት ትተው ሲፋጠጡ ግንቡ ቼክ ይላል፤ ጥቁርም አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ ፍጥጫ የሚባለው ነገር የዛሬው ትምህርታችን ዋና ጉዳይ ስለሆነ በኋላ በሰፊው እንመለስበታለን። አምሳ እርምጃ ምንም ጠጠር ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ ካለፈ ተጋጣሚያችሁ አቻ መጠየቅ እንደሚችል አትርሱ።

አሁን ወደ ወታደሩ እንምጣ። ብቻውን የሚሮጥን ወታደር ንጉሥ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም? ብዙዎቻችን በጣታችን አየር ላይ «እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ» እያልን እንቆጥራለን፤ ቁጥሩም ይምታታብናል። መቁጠር አያስፈልግም። ነጭ ወታደር ሀ4 ላይ ነው እንበል። እስከ ሀ8 ያለውን መንገድ አንድ ጎን አድርጉና አራት ማዕዘን ሣሉ፤ ጥጎቹ ሀ4፣ ሀ8፣ ሠ8 እና ሠ4 ይሆናሉ። ተራው የጥቁር ከሆነና ንጉሡ ወደዚህ አራት ማዕዘን መግባት ከቻለ ወታደሩን ይይዘዋል፤ ካልቻለ አይይዘውም። ጥቁሩን ንጉሥ ረ4 ላይ አስቀምጡና ሞክሩት። ተራው የእርሱ ከሆነ ወደ ሠ5 ይገባል፤ ወታደሩ ሀ5፣ ንጉሡ መ6፤ ወታደሩ ሀ6፣ ንጉሡ ሐ7፤ ወታደሩ ሀ7 ሲደርስ ንጉሡ ለ7 ላይ ቆሟል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን ወታደሩ ሀ5 ሲገባ አራት ማዕዘኑም ይጠብባል፤ ንጉሡ ውጭ ይቀራል። ወታደሩ ገና ከመነሻው ያልተነቃነቀ ከሆነ ሁለት ቤት መዝለል ስለሚችል ከሦስተኛው ረድፍ እንደተነሣ አድርጋችሁ ሣሉ።

ይህን ሕግ በሚገባ ካወቃችሁ በኋላ የሚከተለው ያስደንቃችኋል። በ1921 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሬቲ የተባለ ታላቅ ተጫዋች ያሳተመው ነው። ነጭ ንጉሥ ሸ8፣ ነጭ ወታደር ሐ6። ጥቁር ንጉሥ ሀ6፣ ጥቁር ወታደር ሸ5። ተራው የነጭ ነው። የጥቁር ወታደር ወደ ታች ይሮጣል፤ ነጩ ንጉሥ ከአራት ማዕዘኑ ውጭ ነው፤ አይደርስበትም። የነጭ ወታደር ደግሞ በጥቁሩ ንጉሥ እጅ ነው። ይህን ለማንም ብታሳዩ «ነጭ ተሸንፏል» ይላችኋል። እኛም ብለናል።

ነጭ ግን አቻ ይወጣል። ንጉሡ ወደ ሰ7 ይሄዳል፤ ጥቁር ወታደሩን ሸ4 ያደርሳል። ንጉሡ ወደ ረ6። አሁን ይህ ንጉሥ በሰያፍ ሲወርድ አንድ ሳይሆን ሁለት ሥራ እየሠራ ነው፤ ወደ ጥቁሩ ወታደርም እየቀረበ ነው፤ ወደ ራሱ ወታደርም እየቀረበ ነው። ጥቁር ስጋት ገብቶት ለ6 ቢል፣ ነጭ ሠ5 ይላል። ጥቁር ወታደሩን ሐ6 ላይ ቢበላ ነጭ ረ4 ብሎ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ይገባል፤ ሯጩንም ይይዘዋል። ሳይበላ ሸ3 ቢል ነጭ መ6 ደርሶ የራሱን ወታደር ይደግፋል፤ ሁለቱም ንግሥት ያወጣሉ። በቼዝ ሰሌዳ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ንጉሥ ቀጥ ብሎ ከሚሄደው አይዘገይም፤ በአንድ ጊዜም ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጠጋል። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡ እንጠይቃለን።

በካርቱም ጦርነት የተነሣው ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ በማግሥቱ ፋሲካ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ማታ፣ የረመዳን ጾም ተፈትቶ ሻይ ሻጮቹ ሥራ በጀመሩበት ሰዓት፣ ከእኛ አንዱና አንድ ጓደኛው ደይም ውስጥ ይጫወቱ ነበር። በሰሌዳው ላይ የቀሩት ሦስት ጠጠሮች ናቸው። ነጭ ንጉሥ ሠ5፣ ነጭ ወታደር ሠ4፤ ጥቁር ንጉሥ ሠ7። በዚያ የሚያልፉ አንድ አዛውንት አዩአቸውና ተቆጡ፦ «በሕማማት፣ ያውም በጸሎተ ሐሙስ ጨዋታ ምንድን ነው? ከፋሲካ በኋላ አይደርስም?» ሁለቱም አፍረው ተነሡ። ከፋሲካ በኋላ ሊጨርሱት ተስማምተው የጠጠሮቹን ቦታ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ። ያች ቁራጭ እስከ ዛሬ በኪስ ውስጥ ትገኛለች። ነጭ የነበረው ሰው እዚህ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ጥቁር የነበረው ካምፓላ ነው። ችግሩ አንድ ነው። ካርቶኑ ላይ ተራው የማን እንደሆነ አልጻፉም።

ይህ ለምን እንደሚያጨቃጭቅ ለማየት ሁለቱንም አማራጭ ተጫወቱት።

ተራው የጥቁር ነበር እንበል። በቼዝ «ተራዬን አልፌያለሁ» ማለት አይቻልም፤ ንጉሡ ካለበት መነሣት አለበት። ወደ መ7 ቢሄድ ነጭ በሌላው በኩል ረ6 ይገባል። ጥቁር ወደ ሠ8 ቢመለስ ነጭ ሠ6 ብሎ እንደገና ይፋጠጠዋል። ጥቁር መ8፣ ነጭ ረ7። ከዚህ ወዲያ የነጩ ንጉሥ ሠ6ን፣ ሠ7ን እና ሠ8ን ይጠብቃል፤ ወታደሩም በሰላም ይራመዳል፤ ንግሥት ይወጣል። ጥቁር መጀመሪያ ወደ ረ7 ቢሄድ ነጭ መ6 ይገባል፤ መልኩ ይገለበጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ነጭ አሸነፈ።

ተራው የነጭ ነበር እንበል። ነጭ መ5 ቢል ጥቁር መ7 ይላል፤ ረ5 ቢል ረ7 ይላል። ፊት ለፊት እየተፋጠጠ መንገድ ይከለክለዋል። ነጭ ከመ5 ሆኖ ወታደሩን ወደ ሠ5 ቢገፋ ጥቁር ሠ7 ላይ ይቆማል። ወታደሩ ሠ6 ሲል ደግሞ ትልቁ ጥንቃቄ ይመጣል። ጥቁር ቀጥ ብሎ ወደ ሠ8 መመለስ አለበት። ከዚያ ነጭ መ6፣ ጥቁር መ8፤ ወታደሩ ሠ7 ብሎ ቼክ፣ ጥቁር ሠ8፤ ነጭ ወታደሩን እንዳያጣ ሠ6 ሲገባ ጥቁር መላወሻ ያጣል፤ አቻ ይሆናል። ነገር ግን ጥቁር በሠ8 ፈንታ ወደ መ8 ወይም ወደ ረ8 ከተመለሰ ይሸነፋል። ለምሳሌ ጥቁር መ8፣ ነጭ መ6፣ ጥቁር ሠ8፣ ወታደሩ ሠ7፤ ጥቁር ረ7 ከማለት በቀር ምርጫ የለውም፤ ነጭም መ7 ይልና ንግሥቱን ያወጣል። በጣቢያችን በጣም የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። ወደ ኋላ ስትመለሱ በወታደሩ ዓምድ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተመለሱ።

እንግዲህ ያው ቦታ፣ ያው ጠጠር ሆኖ ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፤ ተራው የነጭ ከሆነ አቻ ነው። በሌላ ጊዜ ተራ ማግኘት ጥቅም ነው፤ እዚህ ግን ተራው የደረሰው ሰው ነው የሚጎዳው። ሁለቱ ጓደኛሞች ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ድምፅ እየቀዱ ይላላካሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ከተነጋገሩ በኋላ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ተራው ያንተ ነበር!» አዛውንቱ ቢገኙ ይመሰክሩ ነበር ይሆናል፤ ግን እርሳቸውም ቢሆኑ ቁጣ ላይ ስለነበሩ ሰሌዳውን ያዩት አይመስለንም።

እኛ በዚህ ክርክር ላይ ፍርድ አንሰጥም። ይሁን እንጂ ቦታውን ደጋግመን ስንመረምር አንድ ነገር አገኘን፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው። ነጭ ወታደሩን ቀደም ብሎ ወደ ሠ4 ገፍቶት እንደነበር ራሱ ያምናል፤ «ቶሎ ይድረስ ብዬ ነው» ይላል። ሰሌዳው ላይ ወታደሩን ከሠ4 ወደ ሠ3 መልሱትና ሌላውን እንደነበረ ተዉት። ነጭ ንጉሥ ሠ5፣ ጥቁር ንጉሥ ሠ7። ተራው የጥቁር ከሆነ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው ጥቁር መንገድ ለመልቀቅ ይገደዳል። ተራው የነጭ ከሆነስ? ነጭ ወታደሩን ሠ4 ያደርጋል። ፍጥጫው እንዳለ ነው፤ ተራው ግን ወደ ጥቁር ተሻገረ! ስለዚህ ወታደሩ ሠ3 ላይ ቢቆይ ኖሮ ተራው የማንም ቢሆን ነጭ ያሸንፍ ነበር፤ የካርቶኗም ነገር ባላጨቃጨቀ።

ስለሆነም ሕጉን እንዲህ እናስቀምጠው። በፍጻሜ ላይ ንጉሡ ይቅደም፤ ወታደሩ ይከተል። ንጉሡ ከወታደሩ በሁለት ረድፍ ከቀደመ አንድ ትርፍ እርምጃ በእጃችሁ አለ፤ ያቺን እርምጃ ሳትፈልጉ አታጥፏት። ንጉሡ ከወታደሩ አንድ ረድፍ ብቻ ከቀደመ ጉዳዩን ፍጥጫው ይወስነዋል። ንጉሡ ከወታደሩ ኋላ ከቀረና የጥቁሩ ንጉሥ ፊት ለፊት ከቆመ ግን አብዛኛውን ጊዜ አቻ ነው። ወታደሩ ሠ4 ላይ ሳለ ነጭ ንጉሡን ከመ6፣ ከሠ6 ወይም ከረ6 በአንዱ ላይ ካስገባ ተራው የማንም ቢሆን ያሸንፋል። እነዚህን ሦስት ቤቶች ቁልፍ ቤቶች ብለናቸዋል። ወታደሩ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ረድፍ ባለበት ጊዜ ሁሉ ቁልፎቹ ከፊቱ ሁለት ረድፍ አልፈው የሚገኙት ሦስት ቤቶች ናቸው።

ይህ ሕግ የማይሠራው ለዳር ወታደሮች፣ ማለት በሀ እና በሸ ዓምድ ላሉት ነው። ጥቁሩ ንጉሥ ጥጉ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ አቻ ነው። አንድ ጳጳስ ጨምራችሁ ብትይዙ እንኳ ጳጳሱ የጥጉን ቤት ቀለም የማይረግጥ ከሆነ ያው አቻ ነው። አንድ ጳጳስና አንድ ወታደር ትርፍ ይዞ ማሸነፍ አለመቻል ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። ስለዚህ ጠጠር ስትለዋወጡ የትኛው ወታደር እንደሚቀርላችሁ አስቀድማችሁ አስቡ።

ስለ ግንብ ፍጻሜ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ እኛ አንዲት መከላከያ ብቻ እናስተምራችሁ፤ በጣም የምትጠቅመው እርሷ ናትና። ነጭ ንጉሥ መ5፣ ወታደር ሠ5፣ ግንብ ሸ7። ጥቁር ንጉሥ ሠ8፣ ግንብ ሀ6። ጥቁር አንድ ወታደር ጎድሎታል፤ ሆኖም ግንቡን በስድስተኛው ረድፍ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ይጠብቃል፤ ነጩ ንጉሥ ወደ ፊት መግባት አይችልም። ነጭ ተሰላችቶ ወታደሩን ወደ ሠ6 ሲገፋው ነጩ ንጉሥ ከቼክ የሚጠለልበት ቤት ያጣል። ያኔ ጥቁር ግንቡን ወዲያውኑ ወደ ሀ1 ያወርድና ከኋላ ቼክ እያለ አቻ ይወጣል። ይህችን በመጽሐፉ በ1777 እ.ኤ.አ. እትም ያሳየው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊዶር ነው። ፊሊዶር ለጨዋታ ለንደን ሳለ በአገሩ አብዮት ተነሥቶ መመለስ ሳይችል ቀረ፤ በ1795 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ።

በፍጻሜ ጨዋታ የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ስንመለከት ይህ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል። በባግዳድ የከሊፋዎች ቤተ መንግሥት የሸጠረንጅ አንደኛ የነበረው አስ-ሱሊ በ946 እ.ኤ.አ. ገደማ በስራ ከተማ ተሸሽጎ ሞተ። እርሱ የተወው አንድ የፍጻሜ እንቆቅልሽ አለ። በሰሌዳው ላይ አራት ጠጠር ብቻ ነው ያለው፤ ለእያንዳንዱ ወገን ንጉሥና ፈርዝ። ሶቪየታዊው ዩሪ አቨርባክ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መፍትሔውን እስኪያገኝ ድረስ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ሰው ሲያስቸግር ኖረ። ከ1894 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከርም አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 እ.ኤ.አ. ንብረቱን ትቶ ከጀርመን ወጣ። ለእንጀራው ሲል ወደ ውድድር ተመልሶ በ1935 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ በ66 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ፤ በዚያ ሁሉ ውድድር አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። እነዚህን ሰዎች ያነሣነው ስደት ቼዝ ያስተምራል ለማለት አይደለም፤ አያስተምርም። ስማቸው በትምህርቱ ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

ስለ አለማመዱ ጥቂት እንበል። በእኛ ዘንድ የሠራው ዘዴ ሁለት ሰው ሆኖ አንዱን ቦታ አሥር ጊዜ መጫወት ነው። አምስት ጊዜ ነጭ፣ አምስት ጊዜ ጥቁር ትሆናላችሁ። የሚገባው ውጤት አሥሩንም ጊዜ ካልመጣ ወደ ሌላ ቦታ አትለፉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሰሌዳውን ዙራችሁ በሁለቱም በኩል ተቀመጡ፤ የሚስቅባችሁ ይኖራል፤ ተዉት። ዘወትር ማታ ከአሥራ ሁለቱ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ከእኛ አንዳችን ከሻይ ቤቱ ጎን ካርቶን ዘርግተን እንቆያለን። ሴቶችና ልጃገረዶች እስካሁን ከሩቅ እንጂ ቀርበው ሲጫወቱ ብዙም አላየንም፤ ቦታ አለ፤ ቆርኪም አለ።

መልመጃ፦

1ኛ/ ነጭ ንጉሥ ሠ4፣ ነጭ ወታደር ሠ2፤ ጥቁር ንጉሥ ሠ6። ተራው የነጭ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው? ምክንያቱንም አስረዱ።

2ኛ/ ነጭ ንጉሥ ለ6፣ ነጭ ወታደር ሐ6፤ ጥቁር ንጉሥ ሀ1፣ ጥቁር ግንብ መ5። ተራው የነጭ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ቦታ አቻ ነው ተብሎ በጋዜጣ ታትሞ ሳለ፣ በዚያው ይኖር የነበረ ሳቬድራ የተባለ ስፔናዊ ቄስ ነጭ እንደሚያሸንፍ አሳየ። እንዴት?

3ኛ/ ነጭ ንጉሥ ሠ5፣ ነጭ ወታደር ሠ4፤ ጥቁር ንጉሥ ሠ7። በዚያን ሐሙስ ማታ ደይም ውስጥ ቆሞ የተመለከተ ሰው በመካከላችን ካለ ተራው የማን እንደነበር ይንገረን።

የ1ኛውንና የ2ኛውን መልስ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።